የጠያቂው ድርሻ፤ ክሪስቲያን ጎልድባኽና የሒሳብ ደብዳቤዎቹ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በሒሳብ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሰዎች አብዛኞቹ መልስ ያገኙ ናቸው። ቀመር ያወጣ ወይም አንድን ሐሳብ በማስረጃ ያጸና ሊቅ ስሙ በመጽሐፍ ይሰፍራል፤ ትውልድም እየተቀባበለ ያጠናዋል። ጥያቄ በማቅረቡ ብቻ ስሙ ከ280 ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ሰው ግን በጣት የሚቈጠር ነው። ከነዚህም አንዱ ክሪስቲያን ጎልድባኽ ነው።

ጎልድባኽ ሒሳብን መተዳደሪያው አድርጎ የኖረው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። በአንድ ወቅት የወጣት ንጉሠ ነገሥት አስተማሪ ሆነ፤ ቀሪውን ዕድሜውን በመንግሥት ሹመት ፈጸመ። ይሁን እንጂ ከአስተማሪነቱ ከተለየ በኋላም ስለ ቍጥር ጠባይ መጠየቅና መወያየት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ አልተለየውም። ማንም ያላዘዘው፣ ደመወዝም ያልተከፈለበት ሥራ ነበር። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ መልሱን ራሱ ማግኘት የማይችል ነገር ግን ጥያቄውን በቅንነት የሚያቀርብ ባልደረባ ለአንድ ሙያ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህ ሰው ደብዳቤዎች አማካይነት ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሰውየው ሕይወት

ጎልድባኽ በ1690 በፕሩሲያ በኮኒግስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበር። በተወለደበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠና፤ ሒሳብንም ጎን ለጎን ተማረ። ከ1710 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአውሮፓ እየተዘዋወረ የዘመኑን ሊቃውንት ጎበኘ፤ ከላይብኒትስና ከበርኑሊ ቤተ ሰብ ሊቃውንት ጋርም ተዋወቀ። በ1725 የሳይንስ አካዳሚ በፒተርስበርግ ሥራውን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆኖ የሒሳብ ፕሮፌሰርነትና የጸሐፊነት ሥራ ተሰጠው።

በ1728 የሩሲያ ቤተ መንግሥት ወደ ሞስኮ ሲዛወር የዳግማዊ ጴጥሮስ አስተማሪ ሆኖ አብሮ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1730 መጀመሪያ ላይ ገና በ14 ዓመቱ በፈንጣጣ ሞተ፤ ጎልድባኽም ደቀ መዝሙሩን አጣ። በ1742 ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በዚያ የተሰጠው ሥራ የውጭ አገር አምባሳደሮች በምሥጢር ምልክት የሚጽፏቸውን ደብዳቤዎች መፍታት ነበር። በ1744 የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበረው ማርኪስ ደ ላ ሼታርዲ ከሩሲያ የተባረረው፣ ጎልድባኽ የፈታቸው ደብዳቤዎቹ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ከቀረቡ በኋላ ነው። ጎልድባኽ በ1764 በሞስኮ ዐረፈ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ጎን ለጎን ከሌዎናርድ ኦይለር ጋር ይጻጻፍ ነበር። ኦይለር በስዊዘርላንድ በባዝል ተወልዶ በ1727 በ20 ዓመቱ ወደ ፒተርስበርግ የመጣ ሲሆን፣ በዕድሜ ከጎልድባኽ በ17 ዓመት ያንሳል። ደብዳቤ መለዋወጥ የጀመሩት በ1729 ነው፤ እስከ ጎልድባኽ ሞት ድረስ በ35 ዓመት ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ተጻጽፈዋል። ጽሑፎቹ በላቲንና በጀርመን ቋንቋ ሲሆኑ፣ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ይፈራረቃሉ። ስለ ጤንነትና ስለ ቤተ ሰብ ወሬ ከተነሣ በኋላ ነገሩ ወዲያው ወደ ቍጥር ይዞራል።

የኦይለር የመጀመሪያ ደብዳቤ ጥቅምት 13 ቀን 1729 የተጻፈ ነው። ጕዳዩም ጎልድባኽ ያሰበበት አንድ ጥያቄ ነበር፦ 1፣ ከዚያ 1 በ2፣ ከዚያ 1 በ2 በ3 እየተባለ በሚቀጥለው የብዜት ተርታ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ባለው ክፍተት ምን ዓይነት ቍጥር ሊገባ ይችላል? ለዚህ የተሰጠው መልስ አድጎ ዛሬ ጋማ ፋንክሽን የሚባለውን አስገኘ። የወንዝ ሙላት የሚገምት መሐንዲስ፣ እንዲሁም የአንድን መሣሪያ አማካይ የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላ መሐንዲስ በየጊዜው የሚገለገልበት ነው። ዋጋው 2.718 ገደማ የሆነውን ቍጥር ለማመልከት ኦይለር የመረጣት ኢ የተባለችው የላቲን ፊደልም በ1731 ለጎልድባኽ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ትገኛለች።

በደብዳቤ ግርጌ የተጻፈ ጥያቄ

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ፍሬ ያፈራው ግን ጎልድባኽ ታኅሣሥ 1 ቀን 1729 በላከው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የጨመረው አጭር ጥያቄ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዲህ የሚል ሐሳብ ትቶ ነበር፦ 2ን ብቻውን፣ ወይም 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ በውጤቱ ላይ 1 መጨመር ሁልጊዜ ብቸኛ ቍጥር ያስገኛል። ብቸኛ ቍጥር የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ውጤቶች 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ናቸው፤ አምስቱም በእርግጥ ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው። ጎልድባኽ የጠየቀው ኦይለር ይህን የፌርማን ሐሳብ ያውቀው እንደ ሆነ ነበር፤ ፌርማ ራሱ ማረጋገጫ እንዳላገኘለትም አመለከተ።

ኦይለር በጥር 1730 የሰጠው መልስ ነገሩን ከቁም ነገር የቈጠረ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የቍጥርን ጠባይ ማጥናት ብዙ ሊቃውንት የጨዋታ ያህል ያዩት ነበር፤ የወጣቱም ሐሳብ በመካኒክስና በካልኩለስ ተይዞ ነበር። እዚህ ላይ የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ወደ ሁለት መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር። አንድ ሰው በዕውቀት ከሚበልጠው ባልደረባ እንዲህ ያለ መልስ ሲደርሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄዬ ዋጋ ቢስ ነው ብሎ ያፍርና ዝም ይላል። ጎልድባኽ ግን አላፈረም፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ ጥያቄውን እንደገና አነሣ። ኦይለርም የፌርማን ጽሑፎች አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ በ1730 አጋማሽ ላይ ባነበበው መደነቁን ጻፈለት።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ስድስተኛው ቍጥር ተፈተነ። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚገኘው 4294967297 ነው። በ1732 ኦይለር ይህ ቍጥር የ641 እና የ6700417 ብዜት መሆኑን አስታወቀ፤ የፌርማም ሐሳብ ወደቀ። እንዲህ ያለውን ቍጥር በእጅ መመርመር አድካሚ ይመስላል። ኦይለር በኋላ ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን፣ የዚህ ቍጥር ማናቸውም ብቸኛ አካፋይ በ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። እንግዲህ መሞከር የሚያስፈልጋቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ይሆናሉ፤ አምስተኛው ሙከራ ቍጥሩን ይከፍለዋል። በብልሃት የተመረጠ አምስት ሙከራ በጭፍን የሚደረገውን ረጅም ስሌት ተካ ማለት ነው።

ከቀሪ ስሌት ወደ ምሥጢር ቁልፍ

ኦይለር በዚህ ጥያቄ ምክንያት የገባበት መስክ የቀሪ ስሌት ነው። ይህ ስሌት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው ከቀሪው አንድ በማጕደል ወንበሩን ያገኛሉ፤ ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 በመግደፍ አበቅቴን፣ በ19 አባዝተው በ30 በመግደፍ ደግሞ መጥቅዕን ያወጣሉ። ስንት ጊዜ ተካፈለ የሚለው ይጣላል፤ የሚፈለገው የተረፈው ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑም አበቅቴና መጥቅዕ ድምራቸው ዘወትር 30 ነው።

ፌርማ በዚህ ዓይነቱ ስሌት አንድ የሚያስደንቅ ሕግ አስተውሎ ነበር። ለምሳሌ ብቸኛውን ቍጥር 7ን እንውሰድ። ከ7 በአንድ የሚያንሰው 6 ነው። ስድስት ሁለቶች ሲባዙ 64 ይሆናል፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይቀራል። ስድስት ሦስቶች ሲባዙ 729 ይሆናል፤ በ7 ሲገደፍ አሁንም 1 ይቀራል። በ7 የማይከፈል ማንኛውም ቍጥር ቢወሰድ ውጤቱ ያው ነው፤ በ7 ፋንታ ሌላ ብቸኛ ቍጥር ቢተካም ሕጉ አይለወጥም። ኦይለር ለዚህ ሕግ ማረጋገጫ ሰጠ፤ በ1760ዎቹም ብቸኛ ላልሆኑ ቍጥሮች ጭምር እንዲያገለግል አድርጎ አሰፋው።

ይህ የተስፋፋ ሕግ ከ200 ዓመት በላይ ለኢንዱስትሪ አገልግሎት ሳይውል ኖረ። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ የምሥጢር አጻጻፍ ዘዴ አወጡ፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላትም አር ኤስ ኤ ተባለ። በዚህ ዘዴ ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቍጥሮች ተመርጠው ይባዛሉ። ብዜቱ ለማንም ይገለጣል፤ ሁለቱ አባዢዎች ግን በምሥጢር ይጠበቃሉ። መልእክቱ በቍጥር ይመሰልና የተወሰነ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በዚያ ብዜት ይገደፋል፤ የሚላከው ቀሪው ነው። ተቀባዩ ሁለቱን አባዢዎች ስለሚያውቅ፣ ቀሪውን ስንት ጊዜ በራሱ ቢያባዛውና ቢገድፈው የመጀመሪያው መልእክት እንደሚመለስለት በኦይለር ሕግ ያሰላል። በኮምፒዩተር የሚተላለፍ የገንዘብና የሰነድ መልእክት ከሚጠበቅባቸው ዘዴዎች አንዱ ይህ ነው።

መልእክቱን ለመዝጋት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የብዜት ልክ ደግሞ 65537 ነው። ይህም ጎልድባኽ በጠየቀው ተርታ ውስጥ አምስተኛው ቍጥር ነው። የተመረጠበት ምክንያት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ 16 ጊዜ ውጤቱን በራሱ ማባዛትና አንድ ጊዜ ብቻ በመነሻው ቍጥር ማባዛት ስለሚበቃ፣ ለማሽን ሥራው 17 ብዜት ብቻ ይሆናል። ጎልድባኽ ቀን ቀን የሌሎችን ምሥጢራዊ ደብዳቤ ይፈታ የነበረ ሰው ነው። ለደስታው ብሎ ያነሣው ጥያቄ ከዕለት ሥራው ጋር ያለው ዝምድና የታየው፣ እርሱ ከሞተ ከ200 ዓመት በኋላ ነው።

የ1742 ደብዳቤ

ጎልድባኽ እጅግ የታወቀበትን ጥያቄ የጻፈው ሰኔ 7 ቀን 1742 ከሞስኮ ነው። ኦይለር በዚያን ጊዜ በበርሊን ይኖር ነበር። ጎልድባኽ በደብዳቤው ኅዳግ ላይ፣ ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ቍጥር የሦስት ብቸኛ ቍጥሮች ድምር የሆነ ይመስላል ብሎ ጨመረ፤ በዘመኑ 1ም እንደ ብቸኛ ቍጥር ይታይ ነበር። ኦይለር በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ሲመልስ፣ ነገሩ ጎልድባኽ ቀደም ሲል ከነገረው ከሌላ ሐሳብ እንደሚከተል አስታወሰው። ያም ሐሳብ ዛሬ በሚነገርበት አኳኋን እንዲህ ነው፦ ከ2 የሚበልጥ፣ ለሁለት እኩል የሚከፈል ማንኛውም ቍጥር የሁለት ብቸኛ ቍጥሮች ድምር ነው። 8 የ3 እና የ5 ድምር ነው፤ 20 የ7 እና የ13። 100ን ለመከፋፈል ስድስት መንገድ አለ። ኦይለር ነገሩ እውነት መሆኑን እንደማይጠራጠር፣ ነገር ግን ማረጋገጥ እንዳልቻለ ጻፈ።

በዚህ መልስ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባል። ኦይለር በ1742 በአውሮፓ ስሙ የገነነ ሊቅ ነበር። ጠያቂው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሊቁ አለመቻሉን በደብዳቤ ሲያሰፍር ክብሩ የሚቀንስ አልመሰለውም። ጠያቂው ጥያቄውን ሳያፍር ማቅረቡ፣ ተጠያቂውም የዕውቀቱን ወሰን ሳይሸሽግ መናገሩ ውይይቱን ለ35 ዓመት አቆየው።

የወደቀው ግምት

የጎልድባኽ ግምት ሁሉ እውነት ሆኖ አልተገኘም። በኅዳር 1752 ሌላ ሐሳብ ላከ፦ ለሁለት የማይከፈል ማንኛውም ቍጥር፣ አንድ ቍጥር በራሱ ተባዝቶ እጥፍ ሲደረግና በላዩ አንድ ብቸኛ ቍጥር ሲታከል የሚገኝ ነው። 27ን ብንወስድ፣ 2 በራሱ ሲባዛ 4፣ እጥፉ 8 ነው፤ 19 ሲታከልበት 27 ይሆናል። 35 ደግሞ የ18 እና የ17 ድምር ነው፤ 18 የ9 እጥፍ፣ 9ም 3 በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነውና። ኦይለር በመጀመሪያ እስከ 1000፣ ቀጥሎም እስከ 2500 ድረስ መርምሮ አንድም እንከን አላገኘም።

በ1856 በጀርመን የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሞሪትዝ ሽቴርን ከተማሪዎቹ ጋር ፍተሻውን እስከ 9000 አራዘመው፤ 5777 እና 5993 በዚህ አኳኋን ሊከፋፈሉ እንደማይችሉ ተገኘ። ኦይለር ያቆመበት ቦታ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግምቱ የጸና ይመስል ነበር። ለግንባታና ለማሽን ሥራ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ ተፈትኖ ያልወደቀ ነገር፣ የተፈተነበትን ወሰን ሲያልፍ አይወድቅም ማለት አይደለም። ፈተናው የት ላይ እንዳበቃ መጻፍ ከውጤቱ እኩል አስፈላጊ ነው።

የ1742ቱ ጥያቄም በዚሁ ዓይን ይታያል። በፖርቱጋል በአቬይሮ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስና የቴሌኮሙኒኬሽን ክፍል መምህር የሆነው ቶማስ ኦሊቬራ ኢ ሲልቫ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ ሐሳቡ ከ4 ቀጥሎ 18 ዜሮ እስከሚጻፍበት ቍጥር ድረስ በኮምፒዩተር ተፈትኖ እንዳልወደቀ ታውቋል። ማረጋገጫ ግን ገና አልተገኘለትም።

መሐንዲሱ ያስተላለፈው ጥያቄ

ጥያቄው ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲደርስ ያሸጋገረው አንድ መሐንዲስ ነበር። በ1948 በቻይና በፉጆ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሼን ዩዋን የተባለ የአውሮፕላን ምሕንድስና ሊቅ ለጊዜው ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሼን ዩዋን በለንደን የተማረና በቺንኋ ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን ምሕንድስና ክፍል ኀላፊ የነበረ ሰው ነው፤ ለቤተ ሰብ ጕዳይ ወደ ትውልድ አገሩ መጥቶ ሳለ የእርስ በርስ ጦርነቱ መመለሻ መንገድ ዘጋበት። ለተማሪዎቹ ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ ስለ ጎልድባኽ ጥያቄ ነገራቸው። ከሚሰሙት መካከል ቼን ጂንግሩን የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነበር።

ቼን በ1953 ከዢያመን ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በቤጂንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኖ ተመደበ። ጤንነቱ ደካማ፣ አንደበቱም የተቈጠበ ስለ ነበረ የክፍል ሥራው አልሆነለትም። ከመምህርነቱ ተለይቶ ወደ ዢያመን ከተመለሰ በኋላ ግን በጽሑፍ በሚያቀርባቸው የሒሳብ ሐሳቦች የታላቁን ሊቅ የኋ ሉኦገንግን ዓይን ሳበ፤ በ1957 በእርሱ አማካይነት ወደ ሒሳብ ምርምር ተቋም ገባ። በ1966 በአጭሩ ያስታወቀውን ማረጋገጫ በ1973 በሙሉ አሳተመ፦ በቂ ትልቅነት ያለው፣ ለሁለት የሚከፈል ማንኛውም ቍጥር የአንድ ብቸኛ ቍጥርና ከሁለት የማይበልጡ ብቸኛ አባዢዎች ያሉት የሌላ ቍጥር ድምር ነው። በዚህ መስመር ወደ ጎልድባኽ ጥያቄ እጅግ የተጠጋው ውጤት ይህ ነው።

ሼን ዩዋን በዚህ ጥያቄ ላይ ያረጋገጠው ነገር የለም። የተቀበለውን ጥያቄ ለሌላ አስተላለፈ፤ ድርሻውም ይኸው ነው። ጎልድባኽም ከፌርማ ያገኘውን ለኦይለር ያደረገው እንዲሁ ነበር።

ለሙያ ማኅበር የሚሆነው

የምሕንድስና ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ሳለ ብዙ ይጠይቃል። ተመርቆ ሥራ ከያዘ፣ ኀላፊነትም ከተጨመረለት በኋላ ግን ጥያቄው ይቀንሳል። በሠንጠረዥ ላይ የተሰጠው መለኪያ ከየት እንደ መጣ፣ ቀመሩ በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሚሠራ ለመጠየቅ ሲፈልግ፣ ይህን እንዴት አያውቅም እባላለሁ የሚል ፍርሃት ይይዘዋል። ፍርሃቱ የግል ይምሰል እንጂ ጕዳቱ የጋራ ነው፤ ያልተጠየቀው ነገር ከአንዱ ፕላን ወደ ሌላው እየተቀዳ ይተላለፋልና።

ከሁለቱ ሰዎች ደብዳቤዎች ለዚህ የሚበጅ ሥርዓት ማውጣት ይቻላል። ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርብ ነበር፤ ስለዚህ ከጠያቂው ዕድሜ አልፎ ለሌላ ትውልድ ደረሰ። ጠያቂው የሞከረውንና የደረሰበትን ምሳሌ ይጨምር ነበር፤ ስለዚህ ተጠያቂው ከየት መጀመር እንዳለበት አወቀ። መላሹም የተረጋገጠውን፣ የተፈተነውንና የሚገመተውን ለይቶ ይናገር ነበር። ማኅበሩ በየዓመቱ መጽሔቱ ጥቂት ገጾች ለአባላት ጥያቄ ቢያውል፣ ጥያቄው ከነሙከራው ቢታተም፣ መልስ ካልተገኘለትም ያለ መልስ ለሚቀጥለው ዓመት ቢሸጋገር፣ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው።

በዚህ ውይይት ከማስተማር ሥራ የተለዩ የሒሳብ መምህራንም ቢጋበዙ መልካም ነው። አንድ መምህር ለ30 ዓመት ያህል በክፍል ቆይቶ ሲሰናበት የሚያስረክበው የመማሪያ መጽሐፉንና የክፍሉን ቁልፍ ነው፤ ተማሪዎቹ የጠየቁትንና የክፍል ጊዜ ያልበቃውን ጥያቄ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚያ የሚያነጋግረው ሰው ካገኘ ደስታው የሁለት ወገን ነው። እርሱ ከሚወደው ነገር አይለይም፤ መሐንዲሱም ቀመሩን ከሥሩ የሚያስረዳ ባልንጀራ ያገኛል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከሞስኮ ወደ በርሊን የሚላክ ደብዳቤ ሳምንታት ይፈጅ በነበረበት ዘመን ሁለት ሰዎች ይህን አድርገዋል። ጥያቄ ያለው አባል ጥያቄውን ጽፎ ለባልደረባው ይላክ፤ የመጀመሪያው መልስ ችላ ያለው ቢመስለውም ደግሞ ይጻፍ።